በሽተኛውን ሳይሆን አስታማሚውን እዩ



ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የአርበኞች ቀን፣ እቤት ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ሳለ ካናዳ ያለችው ትልቋ ልጄ ደወለች። "እማዬ፣ ስካይፕ እኮ ዛሬ ተዘጋ" አለችኝ። ድምጿ የዘመድ መርዶ የምታረዳኝ ይመስል ስለነበር ሳላስበው "ምነው? ታሞ ነበር እንዴ?" አልኳት። ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። 35 ዓመት በነርስነት የሠራ ሰው አፉ የለመደው ይኸንኑ ነው።

ሳቁ በረድ ሲል ግን ልጆቿ ሁሉ ውጭ ያሉባት ጎረቤቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና "ሲስተር፣ እንግዲያው ዋትስአፑም ሊዘጋ ይሆን? የልጅ ልጆቼ ፎቶ እኮ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው" አለች። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። እኛ ሰፈር፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ባሕር ማዶ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሁላችንም ናፍቆታችንን ያስቀመጥነው በሰው ዕቃ ውስጥ ነው፤ ዕቃው ደግሞ ሲሸጥና ሲለወጥ የሚጠይቀን የለም።

ጥያቄዋን ይዤ ሰነበትኩ። ልጆቼን ጠየቅኩ፣ አነበብኩ፣ ማስታወሻ ያዝኩ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ነው፦ አንድ የምንገለገልበት አፕ ለሌላ ኩባንያ ሲሸጥ፣ ይሰነብታል ወይስ ይዘጋል የሚለውን አስቀድሞ መገመት ይቻላል ወይ?

ኮት ለብሶ ኢንተርኔት ቤት

መጀመሪያ ስካይፕ ለእኛ ቤት ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ልጄ የሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ውጭ አገር በስልክ ማውራት ማለት ደቂቃ እየቆጠሩ መጨነቅ ነበር። "ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን፤ በይ እንግዲህ ቆጠረብሽ" ተባብለን እንዘጋለን። በኋላ አቃቂ ከዋናው መንገድ ዳር የነበረ አንድ ኢንተርኔት ቤት ስካይፕ አስገባ። ባለቤቴ ወደዚያ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ኮቱን ይለብሳል፣ ጫማውን ያስጠርጋል። "ልጅህ እኮ ከደረትህ በላይ ብቻ ነው የምታይህ" ስለው "እሷ ባታየውም እኔ አውቀዋለሁ" ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያ የልጅ ልጃችንን ያየነው በዚያ ስክሪን ነው። የ9 ቀን ሕፃን ነበር፤ እናቱ ገላውን ስታጥበው። እኔ ከዚህ ሆኜ "አንገቱን ደግፊው! እትብቱን ውኃ አታስነኪው!" እያልኩ እጮኻለሁ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ የነበረው ወጣት ሁሉ ያን ቀን ሕፃን ማጠብ ተምሮ ወጣ።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 761/2004፣ ሲወጣ "በስካይፕ ያወራ ይታሰራል" የሚል ወሬ ከአገር ቤት እስከ ውጭ ተናፈሰ። መንግሥት ተራው ሰው በስካይፕ መነጋገሩ ወንጀል እንዳልሆነ ማብራሪያ ሰጠ። ማብራሪያው እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ግን ስካይፕ የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ በሹክሹክታ ነበር የሚነገረው። ያን ሁሉ ያለፈውን ስካይፕ በመጨረሻ የዘጋው ሌላ ማንም ሳይሆን የገዛ ባለቤቱ ነው።

የበሽተኛው ካርድ

ነርስ ከሁሉ በፊት ካርድ ታያለች። የስካይፕ ካርድ እንዲህ ይላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ያቋቋሙት አንድ ስዊድናዊና አንድ ዴንማርካዊ ሲሆኑ፣ ፕሮግራሙን የሠሩት የኢስቶኒያ ባለሙያዎች ናቸው። በ2005 ኢቤይ የሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሐሳቡ ሻጭና ገዢ በስካይፕ እየተነጋገሩ ይገበያያሉ የሚል ነበር። ሐሳቡ አልያዘም፤ ኢቤይም በ2009 አብዛኛውን ድርሻ ለሌሎች ባለሀብቶች ሸጠ። በ2011 ማይክሮሶፍት በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ወሰደው። ከዚያ በኋላ 14 ዓመት ኖረ። የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ሊዘጋው መሆኑን አስታወቀ፤ ሚያዝያ 27 ዘጋው። ከማስታወቂያው እስከ መዘጋቱ 66 ቀን ብቻ ነው።

"ሰው ስለተወው ሞተ" የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። ስካይፕ የኮምፒውተር ዘመን ልጅ ነው። ሁለቱም ወገን እኩል ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ስለነበረባቸው እንደ ሐኪም ቀጠሮ መያዝ ነበረብን። ዋትስአፕና ቫይበር ግን ከስልክ ጋር የተወለዱ ናቸው፤ የሰውየው ስልክ ቁጥር ካለህ አበቃ፣ ኪሱ ውስጥ ታገኘዋለህ። የስካይፕ ገቢም በብዛት የሚመጣው ከስካይፕ ወደ ተራ ስልክ ለመደወል ከሚከፈለው ሒሳብ ነበር። ሰው ሁሉ ስማርት ስልክ ይዞ በነፃ መደዋወል ሲጀምር ያ ገቢ እየመነመነ ሄደ።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 እንኳ በቀን 36 ሚሊዮን ሰው ይጠቀምበት እንደነበር ራሱ ማይክሮሶፍት ተናግሯል። በየቀኑ 36 ሚሊዮን ጠያቂ ያለው በሽተኛ ደካማ ሊሆን ይችላል እንጂ ሬሳ አይደለም። ታዲያ ለምን ተዘጋ?

መልሱን ያገኘሁት ከድሮ ሥራዬ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት በሽታ ይዟቸው ይተኛሉ። መድኃኒቱ አንድ፣ ሐኪሙ አንድ። አንዱ ድኖ ይወጣል፣ ሌላው እየከሳ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ አልጋው አጠገብ ያለው ሰው ነበር፦ ሾርባ የሚያመጣው፣ ሌሊት የሚያገላብጠው፣ ትኩሳት ሲነሳ ሮጦ የሚጠራን። ስለዚህ ለጀማሪ ነርሶች "ከበሽተኛው ጋር አስታማሚውንም እዩ" እላቸው ነበር። ለተሸጠ አፕም የምለው ይኸንኑ ነው። ስንት ሰው እንደሚወደው ብቻ አትቁጠሩ፤ የገዛው ሰው ቤት ምን እንዳለ እዩ።

አንድ ምድጃ፣ ሁለት ድስት

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ገዢው ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር አለው ወይ? አንድ ምድጃ ላይ አንድ ዓይነት ወጥ በሁለት ድስት የሚሠራ ባለሙያ የለም። ውሎ አድሮ አንዱ ይወርዳል።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2017 ቲምስ የሚባል የራሱን የመነጋገሪያ አገልግሎት ከፈተ። በኮሮና ጊዜ መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም በስክሪን መሰብሰብ ሲጀምር ትኩረቱን ሁሉ ለእሱ ሰጠው። በመጨረሻም የስካይፕን ደንበኞች "ወደ ቲምስ ግቡ" አላቸው።

የሚገርመው ደግሞ ስካይፕ ራሱ አንድ ጊዜ ሌላውን ከምድጃ ያስወረደ መሆኑ ነው። ልጆቻችሁ በወጣትነታቸው ኤም.ኤስ.ኤን. ሜሴንጀር የሚባል ነገር ላይ ሲያመሹ ታስታውሱ ይሆናል። ያም የማይክሮሶፍት ነበር። ስካይፕ ሲገዛ ሁለቱ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሆኑ፤ በ2013 ሜሴንጀሩን ዘግቶ ሰዉን ወደ ስካይፕ አዛወረ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ማለት ይኸው ነው።

ጉግልም እንዲሁ። ፒካሳ የሚባለውን የፎቶ ማስቀመጫ እ.ኤ.አ. በ2004 ገዛ። በ2015 ጉግል ፎቶስን ሲያወጣ ቤቱ ውስጥ ሁለት የፎቶ ሣጥን ሆነ። በዓመቱ ፒካሳ እንደሚዘጋ ተነገረ፤ አልበሞቹም ወደ አዲሱ ተዛወሩ።

ግን ልብ በሉ፤ ሁልጊዜ የሚወርደው የተገዛው ድስት አይደለም። ጉግል በ2006 ዩቲዩብን በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ጉግል ቪዲዮ የሚባል የራሱ ነበረው። ያን ጊዜ ያወረደው የራሱን ነው፤ የተገዛው ዩቲዩብ እስከ ዛሬ መዝሙሩንም ዘፈኑንም ድራማውንም ያሳየናል። እንግዲያው ምድጃው ላይ የሚቀረው ባለቤቱ ለእንግዳ ሊያቀርበው የሚፈልገው ወጥ ነው።

ቀለቡን ማን ይሰፍራል?

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ይህ ነገር ለገዢው ምን ያስገባለታል? እኛ በነፃ እንጠቀማለን፤ ለማሽኑ፣ ለመብራቱና ለሠራተኛው ግን የሚከፍል አለ።

ያሁን ተመልከቱ። ቬራይዘን የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የያሁን የኢንተርኔት ሥራ ገዛ። በዓመቱ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ያሁ ሜሴንጀር ተዘጋ። ያሁ ኢሜይል ግን አልተዘጋም፤ በ2021 እንደገና ለሌላ ባለሀብት ተሸጦም ዛሬ አለ። ባለቤቱ አንድ፣ ዕጣው ሁለት። ኢሜይል አድራሻ ነው፤ ባንኩም ኤምባሲውም ያውቀዋልና ሰው በቀላሉ አይለውጠውም፤ ገጹ ላይ ደግሞ ማስታወቂያ ይሸጣል። ወሬ የምንለዋወጥበት ሜሴንጀር ግን ጓደኞቻችን ወደ ሌላ ሲሄዱ አብረን እንሄዳለን።

ሞትና ሕይወት ብቻም አይደለም ያለው። ፍሊከር የሚባለው የፎቶ ማስቀመጫ በ2005 በያሁ ተገዛ፤ በ2018 ደግሞ ስመግመግ ለሚባል አነስተኛ ኩባንያ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት አልዘጋውም። ነገር ግን በነፃ ለሚጠቀም ሰው ከ1000 ፎቶ በላይ እንደማያስቀምጥ፣ የተረፈውም እንደሚሰረዝ አስታወቀ። በሽተኛው ዳነ፤ ሆኖም ከበፊቱ ጠቦ ነው። ስለዚህ "ይዘጋል ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ "ቢጠብስ፣ ክፈሉ ቢባልስ?" ብላችሁም አስቡ።

ትኩሳቱ ብቻ በሽታ አይደለም

ሦስተኛው ሰው ሁሉ የሚያወራው ምልክት የመሥራቾቹ መልቀቅ ነው። "ፈጣሪዎቹ ከወጡ አለቀለት" ይባላል። እኔ ይህን እንደ ትኩሳት ነው የማየው። ትኩሳት አንድ ነገር እንዳለ ይናገራል፤ ምን እንደሆነ ግን ብቻውን አይነግራችሁም። ፌስቡክ ዋትስአፕን በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ ሁለቱ መሥራቾች አንዱ በ2017፣ ሌላው በ2018 ለቀቁ። ኢንስታግራምን በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ መሥራቾቹ በ2018 ወጡ። ሁለቱም አልሞቱም፤ ይልቁንም ወፈሩ። ዋትስአፕ በ2020 ከ2 ቢሊዮን በላይ ተጠቃሚ እንዳለው ተነገረ።

ከመሥራቾቹ መልቀቅ ይልቅ እኔ የምከታተለው የዕለት እንክብካቤውን ነው። የአቃቂ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በእኛ በኩል ያልፍ የነበረውን የድሮውን የጅቡቲ ባቡር አስታውሱ። አንድ ቀን ተነስቶ "ከዛሬ ጀምሮ የለሁም" አላለንም። መጀመሪያ ሰዓቱ ዘገየ። ቀጥሎ ቀን መዝለል ጀመረ። የተሰበረው ሳይጠገን ከረመ። ጣቢያው ዝም ሲል ብዙዎቻችን ትዝ ያለን ቆይቶ ነው። አፕም እንዲሁ ነው፦ አዲስ ነገር አይጨመርለትም፣ ስሕተቱ አይታረምም፣ ባለቤቱ በስብሰባ ሁሉ ስለ ሌላ ልጁ ያወራል። የዚያን ጊዜ ዕቃችሁን መሰብሰብ ጀምሩ።

የጎረቤቴ ጥያቄ

እንግዲህ ለጎረቤቴ የሰጠኋትን ግምት ለእናንተም ልስጥ። ግምት ነው፤ ነርስ ትገምታለች እንጂ አትፈርድም።

ዋትስአፕ በቅርብ ይዘጋል ብዬ አላስብም። ባለቤቱ ዛሬ ሜታ የሚባለው ኩባንያ ነው። በእርግጥ እቤቱ ሜሴንጀርም ኢንስታግራምም አለው፤ በሦስቱም መልእክት ይላካል። ይሁን እንጂ ዋትስአፕ ከሁሉ ሰፊው ገበታ ነው፤ ነጋዴዎችም ከደንበኞቻቸው ጋር ለመነጋገር ይከፍሉበታል። ከመዘጋት ይልቅ የሚጠበቀው መለወጥ ነው።

ቫይበርን የጃፓኑ ራኩተን በ2014 በ900 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዋትስአፕ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ቢሆንም ከ10 ዓመት በላይ ቆይቷል። ገዢው የራሱን ስም ሰጥቶ ራኩተን ቫይበር ብሎታል። እኛ አገር ለማደጎ ልጅ ስም ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ስሙን የሰጠ ሰው በቀላሉ አይጥልም። ዋስትና ግን አይደለም።

ቴሌግራም ደግሞ እስካሁን አልተሸጠም፤ በ2013 ከጀመሩት ሰዎች እጅ አልወጣም። ስለዚህ የገዢው ቤት ጥያቄ ገና አልመጣም። "ተሸጠ" የሚል ዜና የሰማችሁ ቀን ግን ይህን ጋዜጣ አውጡና ጥያቄዎቹን እንደገና ጠይቁ።

ቀኑን ብቻ አትጠይቁኝ። በሥራ ዘመኔ "ስንት ቀን ይቆያል?" ብለው የጠየቁኝ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ለአንዱም ቀን ቆርጬ አልተናገርኩም። ስካይፕ ያበቃለታል የተባለው ከመዘጋቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው። ምልክቱ ትክክል ነበር፤ ቀኑን ግን ማንም አላወቀውም። ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ከመገመት የሚበልጠው መዘጋጀት ነው።

ያጣነውና ያተረፍነው

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። የልጄ የሠርግ ፎቶዎች በሙሉ አንድ የፎቶ ማስቀመጫ ውስጥ ነበሩ፤ ስሙን ልተወው። ያስቀመጠው ትንሹ ልጄ ነው፤ ያኔ ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ማስቀመጫው መሸጡንና ምንም የሚለወጥ ነገር እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤ በኢሜይል ደረሰው። ደስ አለን። ቆይቶ የመዝጊያው ደብዳቤ መጣ፤ የመጣው ግን ልጄ ትቶት ወደነበረው፣ ፓስወርዱ ወደጠፋበት ኢሜይል ነው። የዘጠኝ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር። እኛ የሰማነው በአሥረኛው ወር ነው። የባለቤቴ እናት በዚያ ሠርግ ላይ የተነሱት የመጨረሻ ፎቷቸው ነበር። አንድም አልቀረን። ጥፋቱን በሰው ላይ አላመካኝም፤ ዕቃችንን ሰው ቤት አስቀምጠን ቁልፉን የጣልነው እኛ ነን።

ስለዚህ በአርበኞች ቀን ልጄ ስትደውል፣ ሳቁ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ ያልኳት "ውስጡ ያለውን አወረድሽ?" ነው። "ምን አለው እማዬ? ወሬ ነው እኮ" አለችኝ። "ወሬም ቢሆን አውርጂው" አልኳት።

አወረደችው። ከዚያ ለሁለት ቀን አልደወለችም። በሦስተኛው ቀን አንድ ፋይል ለወንድሟ ላከች፤ እሱም አቃቂ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ አመጣልኝ። 11 ገጽ ነው። ባለቤቴ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ለልጁ የጻፈላት መልእክት። በ2012 ነው ያረፈው። በአንድ ጣቱ እየፈለገ፣ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ይጽፍ ነበር፤ ልጄ ወደ ፊደላችን መልሳ ነው የላከችልኝ። ረጅም ነገር የለበትም። "ገባሽ?" "በረዶው ቆመ?" "ልጁ ሳሉ ተሻለው? እናትሽ ማር በሎሚ ትላለች።" አንዱ ግን እንዲህ ይላል፦ "እናትሽ ዛሬ ቡና አፍልታ የአንቺንም ሲኒ ቀዳች። አልነገርኳትም፤ እኔ ጠጣሁት።"

እኔ ሲኒውን መቅዳቴንም አላስታውስም። እሱ ግን አይቶኛል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አካውንታችሁ በየትኛው ኢሜይልና በየትኛው ስልክ ቁጥር እንደተከፈተ ዛሬውኑ ልጆቻችሁን ጠይቁና በደብተር ጻፉ። የመዝጊያ ደብዳቤ የሚመጣው እዚያ ነው። ደብተሩን ከቤት ካርታችሁና ከዕድር ደብተራችሁ ጋር አስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ ፎቶው የት እንዳለ እወቁ። በዋትስአፕ የደረሳችሁ ፎቶ የሚቀመጠው በስልካችሁ ውስጥ ነው፤ አፑ ቢዘጋ እንኳ ስልኩ ውስጥ ያለው ይቀራል፤ ስልኩ ከጠፋ ግን ሌላ ቅጂ ከሌላችሁ አብሮ ይጠፋል። ቴሌግራም ደግሞ ዋናውን የሚያስቀምጠው በራሱ ማሽን ላይ ነው፤ ስልክ ቢጠፋ ይገኛል፣ ቴሌግራም ቢዘጋ ግን አብሮ ይሄዳል። በሁለቱም በኩል መድኃኒቱ አንድ ነው፦ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ሌላ ቅጂ። ፍላሽም ይበላሻልና ሁለት ይሁን፤ አንዱ እናንተ ጋ፣ ሌላው ልጃችሁ ጋ። ከሁሉ የምትወዷቸውን 20 ፎቶዎች ደግሞ ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙ። ወረቀት ፓስወርድ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ "ተሸጠ፤ ምንም አይለወጥም" የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ አትደንግጡ፤ አትዘናጉም። ያን ሳምንት ቅጂ አውጡ።

አራተኛ፣ የሚዘጋ ነገር ባለበት አጭበርባሪ አይጠፋም። "አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፤ የደረሰዎትን ኮድ ይላኩልን" የሚላችሁ ሁሉ ሌባ ነው። ኮድ ለማንም አይሰጥም፤ "ልጅህ ነኝ" ለሚልም ቢሆን ድምፁን ሳትሰሙ አትስጡ።

በመጨረሻም ስለ ስካይፕ አንድ ነገር ልጨምር። ማይክሮሶፍት የቀድሞ ተጠቃሚዎች የተጻጻፉትን እንዲያወርዱ ጊዜ ሰጥቶ ነበር፤ መረጃውም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2026 እንደሚሰረዝ አስታውቆ ነበር። በድሮው የስካይፕ ስምና ፓስወርድ ገብቶ ማውረድ ይቻል ነበር፤ ወደ ቲምስ ለገባም የቆየው መልእክት አብሮት ይዛወር ነበር። "ወሬ ነው እኮ" ብላችሁ በሌላ አፕ የተጻጻፋችሁትንም አትተዉት። 

ጎረቤቴ ባለፈው ቅዳሜ ስልኳንና አዲስ ፍላሿን ይዛ መጣች። ትንሹ ልጄ እየገለበጠላት ሳለ አንድ ፎቶ ላይ "ቆይ፣ ቆይ" አለችው። የልጅ ልጇ የመጀመሪያ ጥርሱን ያወጣ ጊዜ ነው። ለመገልበጥ አንድ ሰዓት የማይፈጀው ሥራ እስከ ምሽት ወሰደብን፤ በየፎቶው እያቆምን ስናይ መሸ። ቡናውም ሁለት ጊዜ ተፈላ።

ቸር ሰንብቱ፤ ሳምንት ያገናኘን።